ጉንጭ የሚያስይዝ ሙያ

በከተማችን የቀለም ነካሪዎች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ፣ በየሳምንቱ መጀመሪያ፣ አሥራ አራት ጎልማሶች በአንድ ትልቅ ጋን ዙሪያ ይቆማሉ። ሁሉም ጢማቸውን የተቀመቀሙ፣ ሆዳቸው ከእነሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ሲያነጥሱ እንኳ በማዕረግ ተራ የሚያነጥሱ ሰዎች ናቸው። የጋኑ ክዳን ከመነሣቱ በፊት ሁሉም ግራ ጉንጫቸውን በግራ መዳፋቸው ደግፈው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። በደንብ ያላጨማደደ ይገሠጻል። «ይህ ነገር ለምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ከተገኘ «የሙያው ሥርዓት ነው፤ አንቀጽ ዘጠኝ» ይሉታል፤ እሱም አንገቱን ነቅንቆ ይሄዳል። አንቀጽ በተባለ ነገር ፊት ሰው ሁሉ አንገት ነቅናቂ ነው።

አንቀጽ ዘጠኝ ግን የአንድ ሰው የታመመ ጥርስ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው የጥርሱን ባለቤት ታሪክ ነው፤ ማኅበሩ ካልወደደው ጉንጩን ይያዝ።

ሰውዬው ወደ ከተማችን ሲመጣ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ከወንዙ ማዶ፣ ከተራሮቹም ማዶ፣ የአሥራ አንድ ቀን መንገድ በእግሩ ተጉዞ ነው የመጣው። በአገሩ አዲስ ገዢ ተነሥቶ «የእኔን እምነት ያልያዘ ይውጣልኝ» አለ፤ ወጡ። ገዢዎች ቤት ሲጠርጉ እንዲህ ናቸው፤ ጥራጊውን ከነወርቁ ነው ከደጅ የሚደፉት። ብልህ ጎረቤት ይህን ሲያይ ቁና ይዞ ይቆማል። እኛ ያቆምነው ዘበኛ ነው።

ዘበኛው በከተማው በር ያየው ከሲታ ሰው ነው፤ ፊቱ የተመጠጠ፣ ሆዱ ግን እንደ እርጉዝ የተነፋ።

«ና እስቲ! ሆድህ ውስጥ ምን ደብቀሃል?»

«እርሾ ነው ጌታዬ።» ብርድ ልብሱን ገልጦ አንገተ ጠባብ ማሰሮ አሳየው፤ በገመድ ከሆዱ ጋር ታስራለች።

«የምን እርሾ?»

«የቀለም። ከበረዳት ትሞታለች፤ ለዚያ ነው ያቀፍኳት።»

ዘበኛው አፍንጫውን ማሰሮው ላይ አድርጎ ወዲያው መለሰው። «ኧረ ወዲያ! የተባረረ ሁሉ ወርቁን በቀሚሱ ሰፍቶ ይመጣል፤ አንተ የሰነበተ ሽንት አቅፈህ ትመጣለህ?»

«ሽንትም አለበት ጌታዬ።»

ሳቁበት፤ አስገቡትም። በበሩ መዝገብ ላይ «አንድ መጤ፤ ንብረቱ አንዲት የገማች ማሰሮ» ተብሎ ተጻፈ። ሐሰት አልጻፉም። በመቶ ዓመት ውስጥ በዚያ በር የገባው ትልቁ ሀብት በእርግጥም ይገማ ነበር።

አንባቢ እንዲገባህ፣ በዚያ ዘመን እኛ ሰማያዊ የምንለው ቀለም ምን እንደነበር ልንገርህ። ከእንጆሪ መሳይ ፍሬ ተጨምቆ የሚሠራ፣ ዝናብ ሲያይ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ የሚሸሽ ቀለም ነበር። አንድ ሙሽራ በሠርጉ ቀን ዶፍ ይዞት ልብሱ ነጭ፣ ራሱ ሰማያዊ ሆኖ ቤቱ መግባቱን አባቶቻችን ሲያወሩ ኖረዋል። ማኅበሩ ለዚህም መልስ አላጣም። «ጥሩ ቀለም ሰው ይወዳል» አለ።

ሰውዬው ከወንዙ ዳር፣ ከልብስ አጣቢዎቹ ድንጋይ አጠገብ፣ ጣሪያዋ ያዘመመ አንዲት ክፍል ተከራየ። ጋን ገዝቶ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ቀበረው፤ ሙቀት እንዲይዝለት ዙሪያውን ፍግ ጠቀጠቀበት። የቀለሙን ቅጠል፣ ፉርሽካውን፣ የአመዱን ውሃ ጨመረ፤ የማሰሮዋን እርሾ ገለበጠ፤ ከደነና አጠገቡ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ሽታው ወንዙን ተሻገረ። በአምስተኛው ቀን ከአጣቢዎቹ ምላሰ ረጅሟ እጅጌዋን ሰብስባ መጣች።

«አንተ ሰውዬ! ምን ሞቶብህ ነው?»

«አልሞተም። ገና እየነቃ ነው።»

«ሲነቃ እንዲህ የገማ፣ ሲሞት አገር ልንለቅ ነው?»

ሰውዬው ነጩን ሻሿን ከትከሻዋ ላይ ሳብ አደረገና ጋኑ ውስጥ ደፈቀው። ሲያወጣው የበሽተኛ ሽንት መስሎ፣ በብጫና በአረንጓዴ መሃል ነበር። ሴትዮዋ ጩኸቷን ልትለቀው አፏን ስትከፍት «ቁጠሪ» አላት። ምን እንዳስቆጠራት ራሷም አታውቅም። አርባ ላይ ስትደርስ ሻሹ ዓይኗ እያየ፣ ከዳር ወደ መሃል፣ ሰማያዊ ሆነ። አየሩ ነው ያቀለመው። ወስዳ በአመድ አጠበችው፤ በድንጋይ ላይ ደበደበችው፤ አልለቀቀም። በሳምንቱ እንደገና አጠበችው። በዓመቱ አገባችው። «ሻሼን መመለስ ቢያቅተው ራሱን ወሰድኩት» ትል ነበር።

ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ ከመራመዷ በፊት ጥፍሯ ሰማያዊ ሆነ፤ የአባቷም የእናቷም ጥፍር እንዲያው ነበር። ሰፈሩ ሰውዬውን «ባለ ሰማያዊ ጥፍሩ» ብሎ ጠራው። ክብር እንዳይመስልህ። በእኛ ከተማ እጅ የሚከበረው ምንም ሳይነካ ነው።

ወሬው አዳራሽ ሲደርስ ልጅቱ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ማኅበሩ በመጀመሪያ «ጥንቆላ ነው» አለ። በሁለተኛው ወር «ጥንቆላም ቢሆን ፈቃድ ያስፈልገዋል» አለ። በሦስተኛው ወር የማኅበሩ አለቃ በእግሩ እስከ ወንዙ ወረደ። ይህ ሰው ቀለም ነካሪ ሆኖ ሳለ ከእጁ ነጭ ጓንት አውልቆ አያውቅም፤ ባለ ጓንቱ ይሉታል። በአፍንጫው ላይ መሐረብ ይዞ እንዲህ አለ፦

«ጋኑን መስበር እንችላለን። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ስሙ በማኅበሩ መዝገብ ያልሰፈረ ሰው ጋን፣ እሱ ሲሞት ወይም ማኅበሩ ሲወስን፣ ይወረሳል። ልጁም ጋን ላይ እጅ አትጭንም። ነገር ግን ማኅበራችን ርኅሩኅ ነው። ከአባሎቻችን ሰባቱን ሰባት ዓመት አስተምር። በሰባተኛው ዓመት መጨረሻ ስምህ ይጻፋል፤ ጋኑ የልጅህ ይሆናል።»

ሰውዬው እጅ ነሣ። ሚስቱ ባለ ጓንቱ ዘወር እስኪል ጠብቃ «አንተ ይህን አምነህ ነው?» አለችው።

«ማኅበር እኮ ነው። ቃሉን ይጠብቃል።»

«ይጠብቃል እንጂ! ዘበኛ አቁሞ፣ እንዳይወጣ።»

«ስሚ፤ እኔ መጤ ሆኜ ልሙት፣ ግድ የለኝም። ልጄ ግን እዚህ ተወልዳ፣ የዚህን ውሃ ጠጥታ፣ መጤ አትባልም። ስሜ ከተጻፈ ማንም ከጋኗ አያነሣትም። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እንግዲህ የዚህ ሰው ምኞት ይኸው ነው፤ አንዲት መስመር፣ በአንድ መዝገብ ላይ። ትንሽ ነገር የሚለምን ሰው ብዙ እንደሚያስከፍሉት ማን ይንገረው?

ትምህርቱ ተጀመረ። ሰባቱ አባሎች የየራሳቸውን ወንበር አስይዘው መጡ። ጸሐፊውም መጣ፤ ቀጭን፣ ብዕሩን እንደ ጦር የሚይዝ፣ ከአለቃው ጓንት ጋር የሚመሳሰል ጓንት ያሰፋ ወጣት። ትእዛዙ «የሚያደርገውን ሁሉ ጻፍ» ነበር። ጻፈ። የሚለውን ሁሉ ጻፍ ግን ያለው የለም።

«ቅመሱ» አላቸው ሰውዬው በመጀመሪያው ቀን፤ ጣቱን ከጋኑ ነክሮ ምላሱ ላይ አሳረፈና ተፋ። «ዓይን ይሸወዳል፤ ምላስ አይሸወድም። ስትኮመጥጣችሁ የአመድ ውሃ ጨምሩላት። ምላስ ስትነክሳችሁ ፉርሽካ ስጧት። መሃሉ ላይ ጣፈጥ ትላለች፤ ያኔ ክሩን አስገቡ።»

ሰባቱ እርስ በርስ ተያዩ።

«የማኅበር አባል» አለ ባለ ጓንቱ «ምላሱን ለንግግር ነው የሚጠቀምበት።»

«እንግዲያው በምን ታውቋታላችሁ?»

«አንተ ቅመስ፤ እኛ እናያለን።»

አዩ። ሰባት ዓመት አዩ። ምላስ የቀመሰውን በዓይን ለመስረቅ ሰባት ዓመት የተቀመጠ ሌባ ከእነሱ በፊትም ከእነሱ በኋላም አልታየም።

ጣጣው የጀመረው በዚያው በመጀመሪያው ዓመት፣ የሰውዬው የላይኛው ግራ መንጋጋ ሲበሰብስ ነው። ጠዋት ጠዋት ጋኑን ሲከፍት የወንዙ ንፋስ ይገባበታል። ስለዚህ ከመክፈቱ በፊት ግራ ጉንጩን በመዳፉ ይደግፋል፤ ፊቱን ያጨማድዳል፤ በቀኝ በኩል ይቀምሳል። ሚስቱ «ተነቀለው!» ብትል ብትሠራ እሺ አላለም። ገዢ ያላስፈራው፣ የአሥራ አንድ ቀን መንገድ ያላስፈራው ሰው ጉጠት ይፈራ ነበር። ጸሐፊውም ጻፈ፦ «አንቀጽ ዘጠኝ። ክዳን ከመነሣቱ በፊት ግራ ጉንጭ በግራ መዳፍ ይያዛል። ፊት በመጠኑ ይጨማደዳል።» በሁለተኛው ዓመት ሰባቱም መያዝ ጀመሩ። ሰውዬው ይህን ሲያይ «ምነው፣ ሁላችሁም ታመማችሁ?» አላላቸውም። የአገሩ ልማድ መሰለው። በሰው አገር ስትኖር ሁሉንም ነገር ልማድ ነው ብለህ ታልፋለህ፤ በዚህ አልወቅሰውም። ልወቅሰው የምፈልግበት ሌላ ብዙ ነገር አለ።

ሌላም ነገር ነበር። ጋኗ ሦስት ቀን ከሠራች በኋላ ሰውዬው ክዳኑን ይደፍንና «ሁለት ቀን ትተኛ» ይላል። በእኛ ማኅበር ደግሞ ደወል ከተደወለ በኋላ ሥራ ፈትቶ የተገኘ ሰውም ሆነ ዕቃ ያስወቅሳል።

«ምን ሆና ነው የምትተኛው?» አለ ባለ ጓንቱ።

«ደክሟት ነው።»

«ጋን?»

«ሕይወት አላት ጌታዬ። ሕይወት ያለው ይደክመዋል።»

«እንግዲያው አልጋ ይነጠፍላታ!» ሰባቱ እስኪንፈራፈሩ ሳቁ። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ አለቃውን በዓይኑ ጠየቀ። «ተወው፣ አትጻፍ» አለው አለቃው። «የመጤ ስንፍና አንቀጽ አይሆንም።»

ከእነሱ ኋላ፣ ከበሩ ውጭ፣ አጣቢዋ ሚስትና ልጅቱ ክር ያለቀልቁ ነበር። የሚያያቸው ስላልነበረ ሰውዬው በየጠዋቱ ጣቱን ወደ ልጁ ይዘረጋል፤ ትቀምሳለች። «ምን አለች?» ይላታል። «ትነክሳለች አባዬ።» «ስለዚህ?» «ፉርሽካ።» በስድስተኛው ዓመት ልጅቱ ሳትቀምስ፣ ከጋኗ ሽታ ብቻ፣ ገና ከበሩ ታውቃት ነበር። እናትየውም «የልጄ አፍንጫ ከማኅበሩ አዳራሽ ይበልጣል» ትል ጀመር።

ሰባተኛው ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀር ጥርሱ ጨርሶ አላስተኛ አለው። ፊቱ አበጠ። አንድ ሰኞ ሚስቱ ጆሮውን ይዛ፣ ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም፣ በእርግጥም ጆሮውን ይዛ፣ ገበያው ዳር ወዳለው ጥርስ ነቃይ ወሰደችው። ሁለት ተሸካሚዎች እጅና እግሩን ያዙ። ጥርሱ ወጣ። ሰውዬው ማክሰኞ ጠዋት እንደ ሕፃን እየሣቀ መጣ፤ ክዳኑን አነሣ፤ ቀመሰ፤ ተፋ፤ «ዛሬ ጣፍጣለች!» አለ።

የጸሐፊው ብዕር ቆመ።

«አልያዘም» አለ።

«ምን?»

«ጉንጩን አልያዘም። አንቀጽ ዘጠኝን ዘለለ።»

ረቡዕም አልያዘም። ሐሙስም። አርብ አዳራሹ ተጠራ። ክሱ ይህ ነበር፦ «ሰባት ዓመቱ ሊሞላ ሲል ሥርዓቱን ለውጦ ሙያውን ሰወረ።»

ሴት ከደጃፉ አታልፍም፤ ሚስቱና ልጁ መቃኑ ላይ ተደግፈው ቆሙ። ሰውዬው መሃል ላይ ቆመ። ለዚያ ቀን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ስሙን የሚጽፉለት መስሎት ነው።

«ሰባት ዓመት ጉንጭህን ይዘህ ቀመስህ። አዎ ወይስ አይደለም?» አለ ባለ ጓንቱ።

«አዎ ጌታዬ።»

«ከማክሰኞ ወዲህ አልያዝክም።»

«ከማክሰኞ ወዲህ አላመመኝማ።»

«ምንህን?»

«ጥርሴን።»

ከሰባቱ አንዱ፣ ወፍራሙ፣ ቀስ ብሎ እጁን ከጉንጩ ላይ አወረደ፤ ከልማድ የተነሣ ይዞት ነበር። «ማለት?» አለ። «እኔ ይህን ሁሉ ዓመት የያዝኩት የዚህን ሰው ጥርስ ነው?»

የነገሩ ሥር ይህ ነው አንባቢ። ሙያ መደበቁ አልነበረም ያቃጠላቸው። ሰባት የተከበሩ አባሎች ሰባት ዓመት የአንድ መጤ ጥርስ ሲያስታምሙ መኖራቸው ከተማ ሊሰማው ነው። ከዚህ ውርደት የሚያድናቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጥርሱ ጥርስ አለመሆኑ።

ጥርስ ነቃዩ ተጠራ። ለማስታወቂያ ደጃፉ ላይ የሚያስቀምጠውን በጥርስ የተሞላ ብርሌ አቅፎ መጣ።

«ይህን ሰው ታውቀዋለህ?»

«እንዴታ! የነከሰኝ እሱ አይደል?» አውራ ጣቱን አሳየ።

«ጥርሱስ የት አለ?»

«እዚሁ ውስጥ ነዋ። ይቺ ናት።» አንዷን አወጣ። አየት አደረጋት። «ወይም ይቺ።»

«ወይም?»

«ጌቶቼ፣ ጥርስ ከአፍ ከወጣ በኋላ ስም የለውም።»

«ምስክሩ አልጸናም» አለ ባለ ጓንቱ፤ ፊቱ በራ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ ወደ ሰውዬው ዘወር አለ። «ስማኝ ወንድሜ።» በሰባት ዓመት ውስጥ ወንድሜ ሲለው የመጀመሪያው ነው። «ማኅበራችን ጨካኝ አይደለም። እንደ ድሮህ ጉንጭህን ያዝ። እዚሁ፣ በፊታችን። ሥርዓቱን አክብር፤ ስምህ ይጻፋል። መዝገቡ ይኸው።»

መዝገቡ በእርግጥም ተከፍቶ ነበር። ባዶ መስመር ነበረው፤ ቀለሙ ተበጥብጧል። ሰውዬው ወደ በሩ ዞሮ ልጁን አየ። ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች፤ አትያዝ ማለቷ ነው። እሱ ግን አይቶ እንዳላየ ሆነ። ግራ እጁን አነሣ፤ ጤነኛ ጉንጩን ያዘ፤ ፊቱን አጨማደደ። የዋህ ሲባል ዳር የለውምና ትንሽ አቃሰተም።

«ጸሐፊ፣ ጻፍ!» ብሎ ጮኸ ባለ ጓንቱ። «ጥርሱ ተነቅሏል ይላል፤ አላመመኝም ይላል፤ ሆኖም ይኸው ያዘ! ሳያመው ከያዘ መያዙ ከሙያው እንጂ ከጥርሱ አይደለም። ከሙያው ከሆነ ደግሞ ከማክሰኞ እስከ ዛሬ ሰውሮናል። ራሱ አመነ!»

አሥራ አራት እጆች ለፍርድ ተነሡ። መዝገቡ ተዘጋ። ሰውዬው ጉንጩን እንደያዘ ቀረ፤ ማውረድ ረሳ።

እዚህ ላይ ልታዝንለት ትፈልግ ይሆናል። እኔ ተናደድኩበት። ሙያው በምላሱ ያለ ሰው እጁን ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ምን ብሎ ይሸጣል? ብቻ እኔ ልጅ የለኝም፤ ልቀጥል።

ሚስቱ ደጃፉን ጥሳ ገባች። በማኅበሩ ታሪክ ያቺን ደፍ ያለፈች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። «እናንተ!» አለች። «ሰባት ዓመት የሰው ጥርስ ስታስታምሙ ኖራችሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹እግዜር ይማርህ› ያለው ከመሃላችሁ ይጥፋ?» ከዚያ ባሏን በክርኑ ይዛ እየጎተተች፣ ልጅቱን በጆሮዋ «ሩጪ፤ ማሰሮዋ ከአልጋው ሥር ናት፤ ከጋኗ እርሾ ቅጂባት» አለቻት።

ጊዜ የሰጣቸው የማኅበሩ ኩራት ነው። ጋኑ ሊወረስ ነውና ሰልፍ ያስፈልጋል፤ በሰልፉ ማን ይቅደም? ከጋኑ በስተቀኝ ማን ይሂድ? ክርክሩ እስከ እኩለ ቀን ፈጀ። ሰልፈኞቹ ወንዙ ሲደርሱ ክፍሏ ባዶ ነበር፤ ጋኑ ከነክዳኑ በቦታው አለ። ከፍጉ ውስጥ ቆፍረው አወጡት። በስምንት ተሸካሚ፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር የንፋስ ቀን፣ እያንቦጫረቁ ከተማውን አቋርጠው አዳራሽ አስገቡት፤ ቀዝቃዛው የድንጋይ ወለል ላይ አቆሙት። ከጥርስ ነቃዩ ብርሌ ሁለት ጥርስ ወስደው፣ የትኛው እንደሆነ ስላላወቁ፣ ሁለቱንም በሰም አትመው የማኅበሩ ሣጥን ውስጥ ቆለፉ። ማስረጃ ነው።

በዚያው ሰዓት ሦስቱ የከተማው በር ላይ ነበሩ። ዘበኛው ልጅቱን ከላይ እስከ ታች አያት፤ ሆዷ ተነፍቷል።

«ይቺ ልጅ እርጉዝ ናት እንዴ?»

«አዎ» አለች እናትየው።

«የማን?»

«የማኅበሩ። ከፈለግህ ሂድና አለቃውን ጠይቅ።»

ዘበኛው በሩን በጥድፊያ ከፈተ።

የወንዙ ማዶ ሰዎች ከእኛ የተሻሉ ደጎች እንዳይመስሉህ። እነሱም መጤውን «መጤ» ብለው ነው የጠሩት፤ በመጀመሪያው ሳምንትም ስለ ሽታው ተጣልተውታል። ግን ድሆች ነበሩ፤ ማኅበር ለማቋቋም የሚበቃ ኩራት አልነበራቸውም። «ቅመሱ» ሲላቸው ቀመሱ። አስመለሳቸው። እንደገና ቀመሱ። «ሁለት ቀን ትተኛ» ሲላቸው «እሰይ፣ እኛም እንተኛለን» አሉ። በአሥር ዓመት ውስጥ አርባ ጋን ተቀበረ። ከእነሱም ወዲያ ወደ ሦስት ከተሞች ሙያው ሄደ። እዚያ የሚሄደው ሰው ሁሉ ማሰሮ ሆዱ ላይ አስሮ፣ ጥፍሩን አቅልሞ ነበር የሚነሣው፤ መጽሐፍ ይዞ የሄደ ግን አልነበረም።

የእኛ ጋን በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ከደወል እስከ ደወል አሠርተዋት ነበር። ክሩ ሲወጣ የዕቃ እጣቢ ይመስላል። ማኅበሩ ተሰብስቦ ጉንጩን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። አልሆነም። «ግራ ሲባል ከጋኑ ግራ ነው ወይስ ከእኛ?» የሚል ክርክር ተነሣ። ለጥንቃቄ ሁለቱንም ጉንጭ የያዙም ነበሩ። በመጨረሻ አለቃው መፍትሔ አገኘ፤ ሰማያዊውን ጨርቅ ከማዶ ያስመጣና የማኅበሩን ማኅተም ይመታበታል። እስከ ዛሬ የምንለብሰው ይህንኑ ነው።

ሰውዬው ማዶ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረ። አርባ ጋን ያቆመ ሰው፣ ወዲህ የሚሻገር ነጋዴ ባገኘ ቁጥር «እንዲያው ስሜን ጽፈውት ይሆን?» ይል ነበር። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ ሌላ ጥርስ ልታስነቅል ነው?» ትለዋለች፤ ይስቃል፤ በሌላ ቀን ደግሞ ይጠይቃል። መነሣት ሲያቅተው ልጁ ጠዋት ጠዋት በጣቷ አምጥታ ታቀምሰው ነበር። የመጨረሻው ቃሉ ስለ መዝገቡ አልነበረም። «ኮምጥጣለች፤ አመድ» ነው ያለው።

መሞቱ በተሰማ በወሩ ከማኅበሩ መልእክተኛ ተሻገረ። ባለ ጓንቱ ሞቶ በእግሩ የተተካው ያ ጸሐፊ ነበር፤ አሁን እሱ አለቃ ነው፤ ወፍሯል፤ ጓንቱ ግን ያው ነጭ ነው። መዝገቡን አሸክሞ መጣ። ልጅቱ፣ ልጅቱ ማለት ለምላሴ ልማድ ሆኖ ነው እንጂ ያኔ የአርባ ዓመት ሴት ናት፣ ከሠራተኞቿ ጋር ክር እየነከረች አገኛት።

«እመቤት፣» አላት «ማኅበራችን ያለፈውን ትቶ የአባትሽን ስም ሊጽፍ ወስኗል። ይኸው ባዶው መስመር፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ማንም አልነካውም። አንቺ ደግሞ አንዲት ማሰሮ እርሾ ስጪን።»

ሴትዮዋ መስመሩን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው እሷን ያዩ ነበር። ከዚያ የጋኗን ክዳን አነሣች።

«ይቅመሱ» አለችው። «አንድ ጊዜ። ምን እንደምትፈልግ ይንገሩኝ፤ እርሾውንም እሰጥዎታለሁ፣ ስሙንም አስጽፋለሁ።»

አለቃው ወደ ጋኗ ቀረበ። ሽታው ፊቱን መታው። ግራ እጁን ቀስ አድርጎ አንሥቶ ግራ ጉንጩን ያዘ፤ እንደ ደንቡ አጨማደደ። ቀኝ እጁ ከነጓንቱ ጋኗ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከሠራተኞቹ አንዱ መሳቅ ጀመረ፤ ሌላው በክርኑ ጎሰመው። አለቃው ጓንቱን ለማውለቅ አንዲቷን ጣት ሳብ አደረገ፤ ተወው።

ሴትዮዋ ጠበቀችው። ከዚያ ክዳኑን መልሳ ገጠመች።

«በሉ እጅዎን ከጉንጭዎ ያውርዱ» አለችው። «ጥርሱ ያለው በእናንተው ሣጥን ውስጥ ነው።»